ገበዝ የሌለው ደብር፦ የሬዚደንሲ አስተዳዳሪዎች ማኅበር ለምን ያስፈልጋቸዋል?

ደብረ ፀሐይ ቁስቋም ያለ ገበዝ አንድ ሳምንት አይዘልቅም። ማኅሌቱን የሚመራ መሪጌታ አለ፤ የሚቀድሱት ሰሞነኞች ተራቸውን ያውቃሉ። ጧፉ፣ ዕጣኑና ዘቢቡ እንዳይጓደል የሚያየው፣ ንዋየ ቅድሳቱን ቆጥሮ የሚረከበውና የሚያስረክበው ግን ቄሰ ገበዙ ነው። ገበዝነት ስም አለው፣ ማዕረግ አለው፣ ተጠያቂነትም አለው። «ጧፍ መቁጠር ሥራ ነው ወይ?» ብሎ የሚንቀው ሰው የለም። አንድ ቀን ዕጣን ቢጠፋ ማን እንደሚጠየቅ ሁሉም ያውቃል።

እንዲህ ያለ ሰው በአገሪቱ የማስተማሪያ ሆስፒታሎች ውስጥም አለ። የሬዚደንት ሐኪሞችን ምደባ ይይዛል፣ መዝገባቸውን ይጠብቃል፣ ፈተናቸውን ያዘጋጃል፣ ደብዳቤያቸውን ያመላልሳል። ልዩነቱ አንድ ነው፤ ስም የለውም። አንዱ ጋ «ሴክሬታሪ» ይባላል፣ ሌላው ጋ «የቢሮ ሠራተኛ»፣ ሌላው ጋ ደግሞ «እዚያ ጋ ያለችው ልጅ»። በዚህ ሥራ ስም የሚታወቅ አገር አቀፍ የሙያ ማኅበርም የላቸውም። ይህ ትንሽ የቢሮ ጉዳይ የሚመስለው ስፔሻሊስት ሐኪም እንዴት እንደሚፈጠር ቀርቦ ላላየ ሰው ብቻ ነው።

▪️ ሥራው ምንድን ነው?

ሬዚደንሲ አጠቃላይ ሐኪም የሆነ ሰው ስፔሻሊስት ለመሆን ሆስፒታል ውስጥ እየሠራ የሚማርበት ጊዜ ነው። እንደ ሙያው ከ3 እስከ 5 ዓመት ይወስዳል። «ሬዚደንት» ማለት ነዋሪ ነው፤ በ19ኛው ክፍለ ዘመን መጨረሻ በአሜሪካ ጆንስ ሆፕኪንስ ሆስፒታል ሲጀመር ሠልጣኞቹ እዚያው ሆስፒታሉ ውስጥ ይኖሩ ነበር። ዛሬም አዳራቸው ከዚያ ብዙ አልራቀም።

አንድ ዲፓርትመንት በየዓመቱ 10 ሬዚደንት ይቀበላል እንበል። ሥልጠናው 4 ዓመት ከሆነ በአንድ ጊዜ 40 ሬዚደንቶች አሉ ማለት ነው። በየወሩ ከዋርድ ወደ ዋርድ፣ ከቀዶ ሕክምና ክፍል ወደ ድንገተኛ ቢዘዋወሩ በዓመት 480 ምደባ ይሆናል። ይህ የአዳር ዲዩቲን አይጨምርም። ወሊድ ላይ ያለችውን፣ ታሞ የተኛውን፣ ለአባሪ ሥልጠና ሌላ ከተማ የሄደውን፣ የዲዩቲ ተራ ተለዋውጠው ያላሳወቁትን ሁለቱንም አይጨምርም። በዚህ ላይ ሎግቡክ አለ። ሬዚደንቱ ስንት ቀዶ ሕክምና በረዳትነት፣ ስንቱን በራሱ እጅ እንደሠራ የሚመዘገበው እዚያ ላይ ነው። የምርምር ሐሳብ ማጸደቅ አለ፣ የሥነ ምግባር ኮሚቴ አለ፣ የውጭ ፈታኝ መጋበዝ አለ፣ ሬዚደንቱን ከላከው ክልል ወይም ዩኒቨርሲቲ ጋር መጻጻፍ አለ፣ ለጤና ሚኒስቴርና ለሬጅስትራር ዝርዝር መላክ አለ።

ከእነዚህ አንዱ ሲጓደል የሚከፍለው ሰው አለ። የውጭ ፈታኙ ደብዳቤ ቢዘገይ የማጠቃለያው ፈተና ይዘገያል፤ ፈተናው ሲዘገይ ምረቃው፣ ምረቃው ሲዘገይ ደግሞ አንዲት የወረዳ ከተማ ስትጠብቀው የነበረው የማህፀንና ጽንስ ሐኪም ይዘገያል። የሎግቡኩ ቁጥር ሳይጣራ ቢፈረም ደግሞ የባሰ ነው፤ በቂ ልምምድ ያላገኘ እጅ «ስፔሻሊስት» የሚል ወረቀት ይዞ ይወጣል። ያኔ የመዝገቡን ጉድለት የሚከፍለው ቀዶ ሕክምና ጠረጴዛ ላይ የተኛው በሽተኛ ነው።

▪️ ሁለት ሰው፣ አንድ ወንበር

በወረቀት ላይ ሬዚደንሲን የሚያስተባብረው አብዛኛውን ጊዜ አንድ ስፔሻሊስት ሐኪም ነው። ትክክልም ነው፤ ምን መማር እንዳለበትና ማን እንደበቃ መፍረድ የሐኪም ሥራ ነው። ግን ያ ሐኪም ክሊኒክ አለው፣ ቀዶ ሕክምና አለው፣ ያስተምራል፣ ምርምር ያማክራል። ደመወዙ አልበቃው ካለ ማታ የግል ክሊኒክም ይሠራል። የአስተባባሪነት ሥራው የሚሠራው በተረፈው ሰዓት ነው። የተረፈ ሰዓት ደግሞ የለም።

ስለዚህ ሥራው ወደ ቀጣዩ ወንበር ይወርዳል፤ ወደ ጸሐፊዋ ወይም ወደ አስተዳደር ሠራተኛው። ሐኪሙ አስተባባሪ በሁለት ዓመቱ ለሰብ ስፔሻሊቲ ይሄዳል፣ ሌላ ይተካል፣ እሱም ይሄዳል። የምትቀረው እሷ ነች። የሦስት ዓመት በፊቱ ውሳኔ የት ፋይል ውስጥ እንዳለ የምታውቀው፣ አዲስ የተሾመው አስተባባሪ በመጀመሪያው ሳምንት «ይሄ እንዴት ነበር የሚሠራው?» ብሎ የሚጠይቃት እሷን ነው። የዲፓርትመንቱ ትዝታ በአንድ ሰው ጭንቅላት ውስጥ ተቀምጧል፤ የሰውየዋ የሥራ መደብ ግን ሥራዋን አያውቀውም።

እዚህ ላይ ነው በደሉ። በመንግሥት መሥሪያ ቤት ደመወዝና እድገት የሚከተሉት የሥራ መደብን ነው። በመደቡ ላይ ያልተጻፈ ሥራ አይመዘንም፣ ያልተመዘነ ሥራ ደረጃ አያገኝም፣ ደረጃ የሌለው ሥራ ሥልጠናም በጀትም የለውም። 40 ሐኪም የሚያንቀሳቅስ ሰውና ሁለት ደብዳቤ በቀን የሚጽፍ ሰው በአንድ መደብ ሊቀመጡ ይችላሉ። ቀልጠፍ ያለው ሰው የተሻለ ሲያገኝ ይሄዳል፤ ትዝታውንም ይዞት ይሄዳል። ሥራ ለሠሪው እሾህ ለአጣሪው ይባላል፤ እዚህ ግን ሠሪውም እሾሁን አጣሪውም አንድ ሰው ነው።

▪️ ጎንደር ይህን ከዚህ በፊት ሠርታዋለች

ቁስቋም በሕክምና ታሪክ ውስጥ ስሟ ይነሳል። ስኮትላንዳዊው ተጓዥ ጄምስ ብሩስ በ1762 ዓ.ም. ጎንደር ሲገባ ከሁሉ አስቀድሞ የተጠራው ወደ እቴጌ ምንትዋብ የቁስቋም ቤተ መንግሥት ነበር፤ ፈንጣጣ የገባበት ቤት ነበርና ልጆቹን እንዲያክም። ዘመኑ የአንድ ባለመድኃኒት ዘመን ነበር። ሰውየው ካለ ሕክምና አለ፤ ሰውየው ከሄደ ሕክምናው አብሮት ሄደ።

ጎንደር ከዚያ ዓይነት ሕክምና የወጣችው በሌላ መንገድ ነው። ደምቢያን የፈጀው የወባ ወረርሽኝ ገና ከሰው አእምሮ ሳይወጣ፣ በ1947 ዓ.ም. የጎንደር የሕዝብ ጤና ኮሌጅና ማሠልጠኛ ማዕከል ተከፈተ። ኮሌጁ የጀመረው በሐኪም አይደለም። ጤና መኮንኖችን፣ የኮሚኒቲ ነርሶችንና ሳኒታሪያኖችን በአንድ ላይ፣ በቡድን አሠለጠነ። አገሪቱ ሐኪም በጣት በምትቆጥርበት ጊዜ «ሐኪም እስኪበዛ እንጠብቅ» አላሉም። ሥራው ምን ምን እንደሆነ ዘረዘሩ፣ ለእያንዳንዱ ሥራ ሰው መደቡ፣ ለእያንዳንዱ ሰው ስም ሰጡት። «ጤና መኮንን» የሚለው ስም በኢትዮጵያ ሥር የሰደደው በዚያ ኮሌጅ ነው። ዛሬ ጤና መኮንን ሙያ አይደለም የሚል የለም፤ ያኔ ግን እንግዳ ነገር ነበር።

የሐኪሞች ትምህርት የመጣው በኋላ ነው፤ በ1970ዎቹ መጀመሪያ ከምሥራቅ ጀርመኑ የላይፕዚግ ካርል ማርክስ ዩኒቨርሲቲ ጋር በመተባበር። ስፔሻሊቲውም ከዚያ በኋላ ተጨመረ። ቅደም ተከተሉ የሚናገረው ነገር አለ። ጎንደር በሐኪሙ ዙሪያ ያሉትን ሰዎች ከሐኪሙ በፊት ሙያተኛ ያደረገች ከተማ ናት። የሬዚደንሲ አስተዳዳሪዎች ማኅበር የትም ሊመሠረት ይችላል፤ ጎንደር ላይ ቢመሠረት ግን ለከተማዋ አዲስ አይሆንባትም።

▪️ ሚኒስቴሩም ያውቀዋል

«አስተዳደር ራሱን የቻለ ሙያ ነው» የሚለው ሐሳብ ለጤና ሚኒስቴር እንግዳ አይደለም። የኢትዮጵያ ሆስፒታሎች ለረጅም ጊዜ የሚመሩት በሜዲካል ዳይሬክተር ነበር፤ ጥሩ ቀዶ ሐኪም ስለሆነ ብቻ የበጀት፣ የግዥና የሠራተኛ ኃላፊ የሚሆን ሰው። እ.ኤ.አ. በ2006 ሚኒስቴሩ ከክሊንተን ፋውንዴሽንና ከየል ዩኒቨርሲቲ ጋር የሆስፒታል አመራር ማሻሻያ ጀመረ። እ.ኤ.አ. በ2008 ደግሞ በጅማ ዩኒቨርሲቲ የሆስፒታል አስተዳደር ማስተርስ ተከፈተ። የሆስፒታል ሥራ አስኪያጅ የሚባል ሰው፣ ከነዲግሪውና ከነመደቡ፣ የተወለደው ያኔ ነው።

ታዲያ ሆስፒታሉን ማስተዳደር ሙያ ከሆነ በሆስፒታሉ ውስጥ ያለውን ትልቁን የሥልጠና ሥራ ማስተዳደር እንዴት ጽሕፈት ብቻ ሆኖ ይቀራል? ለብዙ ዓመታት የአገሪቱ የሕክምና ትምህርት ቤቶች አዲስ አበባ፣ ጎንደርና ጅማ ብቻ ነበሩ። በዚያ ዘመን አንድ ፕሮፌሰር ሬዚደንቶቹን በስም ያውቃቸው ነበር፤ ተራቸውን በደብተሩ ጀርባ ይጽፍ ነበር ቢባልም ያስኬዳል። አሁን ትምህርት ቤቶቹ በዝተዋል፣ የሬዚደንቶች ምደባ በአገር አቀፍ ውድድር ሆኗል፣ ሙያዎቹም ተከፋፍለዋል። ሠልጣኙ ሲጨምር፣ ሙያው ሲጨምር፣ ፎርሙ ሲጨምር፣ ያልጨመረው ወንበር የአስተዳዳሪው ብቻ ነው።

ሌላው ዓለም ይህን ጥያቄ አልፎታል። በአሜሪካ የሬዚደንሲ ሥልጠናን የሚያረጋግጠው ምክር ቤት እ.ኤ.አ. በ2003 የሬዚደንት የሥራ ሰዓት በሳምንት ከ80 እንዳይበልጥ ሲወስን አንድ ጥያቄ አብሮ መጣ፦ ሰዓቱን ማን ይቁጠር? ሐኪሙ አይቆጥርም፤ አስተዳዳሪው ነው የሚቆጥረው። እ.ኤ.አ. በ2019 በሥራ ላይ የዋለው የዚያው ምክር ቤት ደንብ እያንዳንዱ የሬዚደንሲ ፕሮግራም አስተባባሪ እንዲኖረው፣ ለዚህም ሥራ ቢያንስ በሳምንት 20 ሰዓት እንዲመደብለት አስገደደ። ደንቡ ከሰማይ አልወረደም። የቀዶ ሕክምና ሬዚደንሲ አስተባባሪዎች የራሳቸው ማኅበር አላቸው፣ የቤተሰብ ሕክምናዎቹም እንዲሁ፤ ሙያውን ፈትኖ የምስክር ወረቀት የሚሰጥ ቦርድም አለ። መጀመሪያ ተሰባሰቡ፣ ሥራቸውን በጽሑፍ አስቀመጡ፣ ከዚያ ሌላው አወቃቸው።

▪️ የሚነሱ ተቃውሞዎች

አንደኛው፦ «ሐኪሙ ራሱ በደመወዙ መኖር አቅቶት እያለ ስለ ጸሐፊ ማኅበር ይወራል?» ግንቦት 2017 ዓ.ም. የጤና ባለሙያዎች የደመወዝና የሥራ ሁኔታ ጥያቄ በብዙ ሆስፒታሎች ሥራ እስከማቆም ደርሶ አገር ሰምቶታል። ጥያቄው ትክክለኛ ነው። ግን ሬዚደንቱ ካማረራቸው ነገሮች ስንቱ በደመወዝ ብቻ ይፈታል? ያለ ተራው የታዘዘ ዲዩቲ፣ የጠፋ የዲዩቲ ክፍያ ሰነድ፣ ወራት የቆየ የምርምር ፈቃድ፣ በቃል ተነግሮ በቃል የተካደ የዓመት ፈቃድ፤ እነዚህ የአስተዳደር ቁስሎች ናቸው። የአስተዳዳሪው ሥራ ሲስተካከል የመጀመሪያው ተጠቃሚ ሬዚደንቱ ነው።

ሁለተኛው፦ «ኮምፒውተር ይሠራዋል።» ሶፍትዌር ጥሩ ነው። ሆኖም በነሐሴ 2015 ዓ.ም. በአማራ ክልል ኢንተርኔት ሲቋረጥና ለወራት ሳይመለስ ሲቀር የደመና ላይ መዝገብ ለማን ይከፈት ነበር? በጦርነቱ ጊዜ የመቀሌው የዓይደር ሆስፒታል ሠራተኞች ለረጅም ወራት ያለ ደመወዝ ሲሠሩ ያ ሆስፒታል እንደ ማስተማሪያ ተቋም ትዝታውን ያቆየው በማሽን ነው ወይስ በሰው? መንገድ ሲዘጋና መስመር ሲቋረጥ የሠልጣኝን የአራት ዓመት ልፋት የሚያድነው በወረቀትም በኮምፒውተርም መዝግቦ ያስቀመጠ፣ ይህንንም እንደ ሙያ ግዴታው የሚያየው ሰው ነው።

ሦስተኛው ተቃውሞ ከሬዚደንቶቹ ራሳቸው ይመጣል፤ ከሁሉም የሚከብደውም እሱ ነው፦ «እነዚህ ሰዎች ማኅበር አግኝተው ጭራሽ ሊጫኑን ነው።» እውነት አለው። ተራ የሚያወጣ እጅ ለወዳጁ ቀላሉን፣ ለጠላው በዓል በዓሉን ሊመድብ ይችላል። ፋይል የያዘ ሰው ፋይል ሊያዘገይ ይችላል። ግን ይህ ለማኅበር የሚቀርብ ክርክር እንጂ በማኅበር ላይ የሚቀርብ አይደለም። ስም የሌለው ሰው ሥነ ምግባር ደንብ የለውም፤ በደል ሲፈጽም «እኔ ጸሐፊ ነኝ፣ የታዘዝኩትን ነው» ይላል። ገበዙን ተጠያቂ ያደረገው ገበዝ መባሉ ነው።

አራተኛው፦ «ማኅበር እኮ በአገሩ ሞልቷል።» ይህም ልክ ነው፤ ማኅተምና ሊቀመንበር ብቻ ያላቸው፣ በዓመት አንዴ ሆቴል ውስጥ ተሰብስበው አበል ፈርመው የሚለያዩ ማኅበራት አሉ። የሬዚደንሲ አስተዳዳሪዎች እንዲህ ያለ ማኅበር ከሚያቋቁሙ ባያቋቁሙ ይሻላል። ፕሮጀክት እስኪመጣ የሚጠብቅ ማኅበር ፕሮጀክቱ ሲያልቅ አብሮ ያልቃል። ከአባላት መዋጮ ጀምሮ፣ ትንሽ ሆኖ፣ አንድ የሚጨበጥ ነገር የሚሠራ መሆን አለበት።

▪️ ምን ይደረግ?

ሕጉ በር ከፍቷል። ሕገ መንግሥቱ በአንቀጽ 31 የመደራጀትን መብት ያውቃል። ማኅበራትን አንቆ ይዞ የነበረው አዋጅ 621/2001 ተሽሮ፣ በምትኩ የወጣው አዋጅ 1113/2011 የሙያ ማኅበራትን በስማቸው ያውቃቸዋል። የኢትዮጵያ ሕክምና ማኅበር ከ60 ዓመት በላይ ቆይቷል፤ የሕዝብ ጤና ማኅበሩ ከ30 ዓመት በላይ። ከእነሱ መማር ይቻላል፤ በእነሱ ሥር መጠለል ግን አያስፈልግም። ሐኪም ያልሆነ ሰው በሐኪሞች ማኅበር ውስጥ መጨረሻ ወንበር ላይ ይቀመጣል።

የመጀመሪያው ዓመት ሥራ ከአምስት ነገር ባይበልጥ ጥሩ ነው፦

1️⃣ የሥራ ዝርዝር። አባላቱ በየቀኑ የሚሠሩትን አንድ በአንድ ይጻፉት። ማንም ሊመዝነው የሚችለው የተጻፈውን ነው።

2️⃣ አንድ ወጥ መዝገብ። የምደባ፣ የዲዩቲ፣ የፈቃድና የሎግቡክ ማጣሪያ ቅጽ ከጎንደር እስከ ጅማ፣ ከሐዋሳ እስከ ሐረር አንድ ይሁን። ለዚህ የማንም በጀት አያስፈልግም።

3️⃣ የርክክብ ደንብ። ሠራተኛ ሲቀየር ፋይሉ በፊርማ ይተላለፍ። ትዝታ ከሰው ጭንቅላት ወጥቶ ወደ መደርደሪያው ይግባ።

4️⃣ የሥነ ምግባር ደንብ። ተራ በአድልዎ የመደበ፣ ፋይል ለጥቅም ያዘገየ አባል በራሱ ማኅበር ይጠየቅ። ይህ አንቀጽ ከሌለ ሬዚደንቶች ማኅበሩን አያምኑትም፤ ባያምኑትም አይፈረድባቸውም።

5️⃣ የመደብ ጥያቄ። ከላይ ያሉት አራቱ ሲያልቁ፣ ሰነዱ በእጅ ተይዞ፣ «የሬዚደንሲ ፕሮግራም አስተዳዳሪ» የሚባል የሥራ መደብ እንዲወሰን ለጤና ሚኒስቴርና ለሲቪል ሰርቪስ ኮሚሽን ይቅረብ።

ቅደም ተከተሉ ወሳኝ ነው። አምስተኛውን አስቀድሞ ደመወዝ ብቻ የጠየቀ «ኑሮ ለሁሉም ከብዷል» ተብሎ ይመለሳል። አራቱን ይዞ የሄደ ግን የሚጠይቀው ሥራው በስሙ እንዲጠራ ነው፤ ያንን እምቢ ማለት ይከብዳል።

▪️ የዝምታው ድርሻ

የዲፓርትመንት ኃላፊዎች ተወቅሰዋል፣ ሚኒስቴሩም ተወቅሷል። የቀረው የባለቤቶቹ ድርሻ ነው። በየሆስፒታሉ ያሉት አስተዳዳሪዎች በስልክ ይተዋወቃሉ፤ የውጭ ፈታኝ ሲላክ፣ ሬዚደንት ለአባሪ ሥልጠና ሲመጣ ይደዋወላሉ፣ አንዱ ለአንዱ ቅጽ ይልካል። ማኅበሩ በተግባር አለ ማለት ይቻላል፤ የጎደለው በግልጽ «አለን» የሚል ነው። ብዙዎቹ ሥራቸውን ሲጠየቁ ራሳቸው «ጽሕፈት ነኝ» ብለው ይመልሳሉ። ሥራውን ባለቤቱ ካሳነሰው ሌላው እንዲያከብረው መጠበቅ ከንቱ ነው፤ ባለቤቱን ካልናቁ አጥሩን አይነቀንቁ።

ዝም ባለ አፍ ዝንብ አይገባም ይባላል፤ እርግጥ ነው። ደረጃ፣ ሥልጠናና ክብርም አይገባም። አሥር ሆኖ አንድ ገጽ የሥራ ዝርዝር ጽፎ መፈረም ይቻላል። ድር ቢያብር የሚለውን ተረት ሁሉም ያውቀዋል፤ እዚህ ግን የሚታሠር አንበሳ የለም፤ የሚጠበቀው አንድ የሥራ መደብ ብቻ ነው። በዚያ መደብ ላይ የሚቀመጠው ሰው መዝገቡን በትክክል ከያዘ ነገ የወረዳ ሆስፒታል ውስጥ ቢላዋ የሚያነሳው ሐኪም በእርግጥ የሠለጠነ ይሆናል።